ፀረ ተህዋስያን ፔፕታይድን ማጽናት ምንድን ነው?

አሜሪካዊው ሐኪምና ተመራማሪ ማይክል ዛስሎፍ ለሌላ ምርምር የሚሆን እንቁላል ለመውሰድ የአፍሪካ ባለ ጥፍር እንቁራሪቶችን ሆድ እየቀደደ፣ ቁስሉን ሰፍቶ ንጽሕና ወደሌለው የገንዳ ውሃ ይመልሳቸው ነበር። ቁስላቸው ሳያመረቅዝ መዳኑ አስገርሞት ቆዳቸውን ቢመረምር፣ አሚኖ አሲድ የተባሉት የፕሮቲን መገንቢያዎች 23 ሆነው የተሰካኩበት አጭር ሰንሰለት አገኘ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርገውም «ጋሻ» ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል ወስዶ ማጌይኒን አለው። እንዲህ ያሉ ጀርም ገዳይ አጫጭር ሰንሰለቶች ፀረ ተህዋስያን ፔፕታይዶች ይባላሉ፤ እነሱን ማጽናት ማለትም መድኃኒት ሆነው ሲሰጡ ሥራቸውን ሳይጨርሱ እንዳይበጣጠሱ አድርጎ መሥራት ነው።

ችግሩ የሚመነጨው ከመሣሪያው ከራሱ ነው። የባክቴሪያ ሽፋን ላዩ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው፣ ፔፕታይዱ ላይሲንና አርጂኒን በተባሉት ፖዘቲቭ አሚኖ አሲዶቹ አማካይነት ተስቦ ይጣበቅበትና ሽፋኑን ይበሳል። ይሁንና ሥጋውንም ሽሮውንም የሚፈጭልን ትሪፕሲን የተባለው ኢንዛይም ሰንሰለት የሚቆርጠው ልክ ከእነዚሁ ከሁለቱ ቀጥሎ ነው። ፔፕታይዱ በአፍ ቢወሰድ እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጫል፤ በመርፌ ቢሰጥም በደም ውስጥ ሌሎች ቆራጭ ኢንዛይሞች አሉ። ላይሲኑ ይውጣ ቢባል ደግሞ ባክቴሪያውን የሚይዝበት እጁ አብሮ ይሄዳል።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ አሚኖ አሲዱን ሳይለውጡ መልኩን ብቻ መገልበጥ ነው። ከግላይሲን በቀር አሚኖ አሲዶች እንደ ቀኝና ግራ እጅ «ኤል» እና «ዲ» የሚባሉ ሁለት መልኮች ሲኖሯቸው፣ የሰውነታችን ፕሮቲኖች የሚሠሩት በ«ኤል» ነው። የቀኝ እጅ ጓንት ለግራ እንደማይሆን ሁሉ፣ ኢንዛይሙም ለ«ዲ» አይሆንም። በ1990 እ.ኤ.አ. ማጌይኒን ሙሉ በሙሉ በ«ዲ» ተሠርቶ ሲሞከር ኢንዛይሞቹን ተቋቁሞ ባክቴሪያን መግደሉን ቀጠለ፤ ሽፋን ለመብሳት እንደ ቁልፍና ቁልፍ ቀዳዳ በልክ መግጠም አያስፈልግምና።

ሌላው ዘዴ ሰንሰለቱን ቀለበት አድርጎ መግጠም ሲሆን፣ ከጫፍ ጀምረው የሚቆርጡ ኢንዛይሞች መነሻ ያጣሉ። በ1942 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘው ግራሚሲዲን ኤስ፣ ሁለት የ«ዲ» አሚኖ አሲዶች ያሉት ባለ 10 አሚኖ አሲድ ቀለበት በመሆኑ፣ ሁለቱንም ዘዴ ተፈጥሮ ቀድማ ሠርታበታለች። ነገር ግን ቀይ የደም ሴልንም ስለሚያፈርስ አገልግሎቱ ለቁስልና ለጉሮሮ ተወስኖ ቀረ። ኬሚስቶች ይህንኑ ቀለበት ወደ 14 አሚኖ አሲድ አስፍተው አንዱን ላይሲን ብቻ ወደ «ዲ» ሲገለብጡት፣ ባክቴሪያን መግደሉን ሳይተው በደም ሴል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ።