የቤት ዋጋና የገቢ ምጣኔ ምንድን ነው?

«የቤት ዋጋ ከደመወዝ በላይ እየሮጠ ነው» የማይባልበት አገር ማግኘት ይከብዳል። ነገሩ እውነት ይሁን አይሁን ለማየት አንድ ቀላል ስሌት አለ። የቤቱን ዋጋ ለዓመት ገቢ ማካፈል ነው። የሚወጣው ቁጥር የቤት ዋጋና የገቢ ምጣኔ ይባላል።

ምጣኔው 5 ከሆነ ቤቱ የ5 ዓመት ሙሉ ደመወዝ ያህል ያወጣል ማለት ነው። ሳይበላ፣ ሳይጠጣ፣ ኪራይ ሳይከፈል የተቀመጠ ደመወዝ ነው የምላችሁ። እንዲህ አድርጎ የሚቆጥብ ሰው የለም። ስለዚህ ቁጥሩን ቤት ለመግዛት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ መቁጠሪያ አታድርጉት። የሚጠቅመው ዘንድሮን ከድሮ፣ አንዱን ቦታ ከሌላው ለማነጻጸር ነው።

እንግሊዝን እንይ፤ የዓመታት መረጃዋ የተሟላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 መካከለኛው የቤት ዋጋ (ቤቶቹ ከርካሹ ወደ ውዱ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚገኘው) የአንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 3.5 እጥፍ ገደማ ነበር። በ2021 ከ9 እጥፍ አለፈ። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ዋጋው ደመወዙን ጥሎት ሄዷል። በ2024 ግን ቁጥሩ ወደ 7.7 ወረደ። ደመወዝ ቶሎ ቶሎ ሲጨምር የቤት ዋጋ ብዙም አልተንቀሳቀሰም ነበር።

ታዲያ ቤት ፈላጊው እፎይ አለ? አላለም። ምክንያቱ ወለድ ነው።

አብዛኛው ሰው ቤት የሚገዛው በብድር ነው። ከኪሱ በየወሩ የሚወጣው ደግሞ የቤቱ ዋጋ ሳይሆን የብድሩ ክፍያ ነው። 300 ሺህ በ30 ዓመት የሚከፈል ብድር እንውሰድ። ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን። ወለዱ 3 በመቶ ሲሆን ወርኃዊ ክፍያው 1,265 ገደማ ነው። ወለዱ 7 በመቶ ሲገባ ያው ብድር በወር 1,996 ይጠይቃል። የቤቱ ዋጋ ላይ አንድም ሳንቲም አልተጨመረም። ገልብጣችሁ ብታዩት ደግሞ በወር 1,265 ብቻ መክፈል የሚችል ሰው በ3 በመቶ 300 ሺህ ይበደር የነበረው፣ በ7 በመቶ የሚያገኘው 190 ሺህ ያህል ነው።

የቤት ብድር ወለድ የሚከተለው የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ መሠረታዊ ወለድ በ2020 ወደ 0.1 በመቶ ወርዶ ነበር። በነሐሴ 2023 5.25 በመቶ ደረሰ። ምጣኔው ወረደ ሲባል ገዢው ግራ የገባው ለዚህ ነው።

እንደኔ እንደኔ ምጣኔው በደንብ የሚያሳየው ወርኃዊውን ክፍያ ሳይሆን መግቢያውን ነው። ማለትም ቅድመ ክፍያውን። ባንኩ የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ አስቀድመህ አምጣ ይላል እንበል። ምጣኔው 5 ሲሆን ይህ የ1 ዓመት ደመወዝ ነው። ከደመወዙ አንድ አሥረኛውን የሚያስቀምጥ ሰው በ10 ዓመት ይደርስበታል። ምጣኔው 9 ሲሆን ግን 18 ዓመት ይፈጃል። እሱም ዋጋው ቆሞ ከጠበቀው! ወላጆቹ የሚደጉሙትና የማይደጉሙት ሰው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ደመወዛቸው እኩል ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ዋጋው ለምን ይሮጣል? ሲሚንቶና ብረት ተወደደ የሚለው መልስ ብዙም አያስኬድም። ክኖል፣ ሹላሪክና ስቴገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ጥናት ከ1870 እስከ 2012 ያለውን የ14 አገሮች የቤት ዋጋ መርምረዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከታየው ጭማሪ 80 በመቶ ገደማው የመጣው ከመሬት ዋጋ መናር ነው። ግድግዳና ጣሪያው ያን ያህል አልተወደደም፤ የተወደደው የቆመበት ቦታ ነው።

ሥራ ያለበት አካባቢ ያለ መሬት እንደ ልብ አይጨመርም። እዚያ ላይ ደግሞ የሕንፃ ከፍታ ሲገደብና የግንባታ ፈቃድ ሲጓተት፣ ገቢ ሲጨምር ወይም ብድር ሲረክስ ትርፉ ገንዘብ የሚሄደው ወደ ተጨማሪ ቤት ሳይሆን ወደ ዋጋው ነው። ባልም ሚስትም ሠርተው ብዙ መበደር ሲችሉ ለቤቱ የሚጫረቱትም ከሁለት ደመወዝ ነው። በአንድ ደመወዝ የሚኖረው ሰው ወደ ኋላ ይቀራል።

ይህ ግን የማይቀር ነገር አይደለም። በጃፓን የመሬት ዋጋ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሲወርድ ኖሯል። በጀርመንም እስከ 2010 አካባቢ ድረስ ለረጅም ጊዜ የቤት ዋጋ ከገቢ ኋላ ነበር። «የቤት ዋጋ መቼም አይወርድም» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ጃፓንን አስታውሱት።

ቁጥሩን ስታነቡ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ የማን ገቢ እንደተወሰደ ነው። የአንድ ሰው ደመወዝ ነው ወይስ የቤተሰቡ ገቢ በሙሉ? አንድ ዓይነት ደመወዝ ያላቸው ሁለት ሰዎች ባሉበት ቤት፣ በአንዱ ስሌት 8 የወጣው ምጣኔ በሌላው 4 ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ግን አይቻልም። አማካይ ከተወሰደም ጠርጥሩ። ጥቂት ቪላዎች አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል፤ መካከለኛውን ግን ብዙም አይነኩትም። የመነሻው ዓመትም አንድ ነገር ነው። ዋጋ በወደቀበት ዓመት ቆጠራ የጀመረ ሰው ያለ ምንም ውሸት አስደንጋጭ ግራፍ ይሠራላችኋል።

ቤት ላለው ሰው ምጣኔው ሌላ መልክ አለው። ቤቱ በእጥፍ ቢወደድ ሀብታም የሆነ ይመስለዋል። ሸጦ እዚያው ሰፈር ሌላ ልግዛ ካለ ግን ያኛውም በእጥፍ ተወዷል። በእርግጥ የሚያተርፈው ወደ አነስተኛ ቤት ወይም ወደ ርካሽ አካባቢ የሚሄደው ነው፤ ሸጦ ከቤት ገበያው ጨርሶ የሚወጣውም እንዲሁ። ልጆቹ ግን ገና ገዢ ናቸው።