ነደባ ምንድን ነው?

በሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ወደ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት የገባ እንግዳ ዓይኑ ወንበር ቢፈልግ አያገኝም። መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፦ ከወለሉ ከፍ ብሎ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ምንጣፍና ትራስ የተደረደረበት መደብ። ሐረሪዎች ነደባ ይሉታል።

ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር፣ አምስት ነደባ አለው። ከበሩ ፊት ለፊት የተንጣለለው ጊዲር ነደባ የእንግዶች ነው። አሚር ነደባ ደግሞ የአባወራው ነው፤ በሩ አጠገብ ስለሆነ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ጦሩንም የሚያቆመው እዚያው በእጁ ሥር ነበር። ሱትሪ ነደባ ከለል ብሎ ለባልና ሚስት መኝታ ይሆናል። አነስ ያለው ቲት ነደባና ከበር ጀርባ ያለው ገብቲ ኤሐር ነደባ ዝቅ ያለ ማዕረግ ላላቸው ናቸው።

አስጎብኚዎች አብዝተው የሚያወሩት ስለ ነደባው ቀይ ቀለም ነው። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ይባል፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የነደባዎቹ የከፍታ ደረጃ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት የጀጎል ግንብ ከተማዋን ጠበብ አድርጎ ይዟታል፤ ቤቶቹ ተደጋግፈው፣ ብዙዎቹም አንድ ግቢ ተጋርተው ነው የቆሙት። እንዲህ ባለ ሰፈር ክፍል በክፍል ላይ መጨመር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ግድግዳ የሚሠራውን ሥራ አንድ እርከን ከፍታ ይሠራዋል፦ ሽማግሌው፣ እንግዳው፣ ተማሪው በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። የአፎቻ፣ ማለትም የሐረሪዎች ዕድር፣ ስብሰባ ቢሆን፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ቢመጣ፣ ወንበር መከራየት ብሎ ነገር የለም።

ግድግዳው በስፌት፣ በሰሐንና በመደርደሪያ ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ የሚታየውም ከነደባው ላይ ተቀምጠው ቀና ሲሉ ነው። ቆሞ ፎቶ አንስቶ የሚወጣ ግማሹን ሳያይ ይሄዳል።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ አንዳንዶቹ ቤቶችም ዛሬ እንግዳ ያሳድራሉ። ከድሬዳዋ ወጣ ብላችሁ ብታድሩ ጫማ አውልቁና ባለቤቷ ቦታ እስክታሳያችሁ ጠብቁ። አሚር ነደባ ላይ ግን ሳትጋበዙ ዘፍ እንዳትሉ።