«ትርፍ ቤት» በአሜሪካ፦ አሮጌ ቤት ገዝቶ አድሶ የመሸጥ ሥራ

ፍሊፕ ማድረግ ማለት ያረጀ፣ የተጎዳ ወይም ባዶውን የቆየ ቤት በርካሽ ገዝቶ፣ አድሶ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ አትርፎ መሸጥ ነው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ቃሉን እንዳለ ይጠቀሙበታል። «እሱ እኮ ቤት ፍሊፕ ያደርጋል» ከተባለ፣ ሰውየው የታክሲ ወይም የፓርኪንግ ሥራውን ትቶ፣ ብዙውን ጊዜም ሳይተው ደርቦ፣ ወደ ቤት ንግድ ገብቷል ማለት ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ ዘመኑ የፈረንጆች ነው።)

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቃል ሳያስበው አስቀምጧል። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ከመኖሪያው ሌላ ቤት ያለው ሰውም ያንን «ትርፍ ቤት» ተወረሰ። ለዚያ ትውልድ ትርፍ ቤት የሚያስነጥቅ ንብረት ነበር፤ ለስደተኛ ልጆቹ እንጀራ ሆኗል። ዛሬም በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ለአሜሪካ አዲስ የሆነውን ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ቤትና መሬት አንድ ላይ መሸጣቸው ነው።

በሜሪላንዷ ከተማ በባልቲሞር ግን ይህም ሁልጊዜ አይሠራም። በከተማዋ ብዙ ቤቶች ሥር «ግራውንድ ሬንት» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ቤቱ የገዢው ሆኖ መሬቱ የሌላ ሰው ነው። የቤቱ ባለቤት ለመሬቱ አነስተኛ ዓመታዊ ኪራይ ይከፍላል፤ ውሉም የ99 ዓመት ሆኖ ያለ ማብቂያ ይታደሳል። የአዲስ አበባን ሊዝ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ የመኖሪያ ቤት ሊዝ እዚያም 99 ዓመት ነው። ሜሪላንድ ከ2007 ጀምሮ በመኖሪያ ቤት ላይ አዲስ ግራውንድ ሬንት እንዳይፈጠር ከልክላለች፤ የነበሩት ግን አሉ። ሳያጣራ የገዛ ሰው ያልተከፈለ የዓመታት ኪራይ አብሮ ሊወርስ ይችላል።

ቤቱ ከየት ይገኛል? አንዱ መንገድ ጨረታ ነው። በሜሪላንድ የባንክ ዕዳ ያልተከፈለባቸው ቤቶች በፍርድ ቤት ደጃፍ ይሸጣሉ፤ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ውስጡን ሳያይ ይጫረታል፤ ሽያጩም በፍርድ ቤት እስኪጸድቅ ይጠብቃል። ሌላው የግብር ሽያጭ ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው። «ቤት በአምስት ሺህ ዶላር ገዛሁ» ብሎ የሚፈነድቅ ሰው የገዛው ቤቱን ሳይሆን በቤቱ ላይ ያለውን የግብር ዕዳ ነው፤ ባለቤቱ ዕዳውን ከነወለዱ ከፍሎ ቤቱን ማስመለስ ይችላል። ሦስተኛው መንገድ በሰው ሰው ነው፦ ሪልተር (የቤት ሽያጭ ወኪል) የሆነ የአገር ልጅ፣ ልጆቻቸው ራቅ ብለው የሚኖሩ አሮጊት ጎረቤት፣ ውል ፈርሞ ውሉን ራሱን ለሌላ የሚሸጥ «ሆልሴለር»። የመጨረሻውን አገር ቤት ቢሆን ደላላ ብለን እንገላገለው ነበር።

ሥራው ዲግሪ አይጠይቅም፤ የሕክምናም የምህንድስናም ወረቀቱ ላልታወቀለት ስደተኛ አንዱ ማራኪነቱ ይኸው ነው። ገንዘብ ግን ይጠይቃል። ኩሽና የሌለው፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ላይ መደበኛ ባንክ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) አይሰጥም፤ ስለዚህ ብዙዎች ወደ «ሃርድ መኒ» ይሄዳሉ። ይህ የአጭር ጊዜ ብድር ነው፤ አበዳሪው ከተበዳሪው ደመወዝ ይልቅ ቤቱን ያያል፤ ወለዱም ከባንክ በጣም ይበልጣል። የእቁብ ገንዘብም ወደዚህ ሥራ ይገባል፤ ግን የራሱ ጣጣ አለው። መደበኛ አበዳሪ የመጨረሻውን ሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ሲያይ ድንገት የገባ 40 ሺህ ዶላር ካገኘ ምንጩን ይጠይቃል፤ «እቁብ ወጣልኝ» የሚለው መልስ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ለዚህ ነው ነገሩን የሚያውቁት እቁባቸውን ቀደም ብለው ወስደው ባንክ ውስጥ የሚያስቀምጡት።

በነጋዴው መካከል የታወቀ ስሌት አለ፤ የ70 በመቶ ደንብ ይሉታል። ቤቱ ታድሶ 400 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ከሆነ 70 በመቶው 280 ሺህ ነው። ከዚያ ላይ የእድሳቱ ወጪ፣ 80 ሺህ እንበል፣ ሲቀነስ ለቤቱ መከፈል ያለበት ከፍተኛው ዋጋ 200 ሺህ ይሆናል። የቀረው 120 ሺህ ሁሉ ትርፍ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ላይ የሪልተሮች ኮሚሽን፣ ኢንሹራንስ፣ የንብረት ግብር፣ መብራትና ውሃ ይወጣል። በባልቲሞር ከተማ የዝውውርና የምዝገባ ግብሮች ብቻ ተደምረው ከዋጋው 3 በመቶ ያህል ናቸው፤ ገዢና ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ይካፈሉታል፤ ነጋዴው ደግሞ ሲገዛም ሲሸጥም ይነካዋል። ከሁሉ የከፋው ቀን ነው። በ12 በመቶ ወለድ የተበደሩት 200 ሺህ ዶላር በወር 2 ሺህ፣ በቀን 66 ዶላር ገደማ ይበላል፤ ሠራተኛ መጣም ቀረም፣ ፋሲካ ሆነም አልሆነም። ፍሊፐርን የሚያከስረው ከእንጨቱና ከሴራሚኩ ዋጋ ይልቅ የቀናቱ ብዛት ነው እላለሁ።

ቀን የሚያስበላው ደግሞ በዋናነት ፐርሚት ነው። ግድግዳ ማፍረስ፣ ቧንቧና መብራት መቀየር የከተማውን ፈቃድና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። ኢንስፔክተር ሳያይ ግድግዳውን በድራይዎል (በጂፕሰም ሰሌዳ) የዘጋ ሰው መልሶ እንዲከፍት ሊታዘዝ ይችላል፤ በሩ ላይ «ሥራ አቁም» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ወለዱ እየቆጠረ ሥራው ይቆማል። ቤዝመንትም (ምድር ቤቱም) እንዲሁ ነው፤ አልጋ ስለገባበት ብቻ መኝታ ቤት አይባልም። በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት፣ ጣሪያውም ከወለሉ 7 ጫማ ያህል ከፍታ ሊኖረው ይገባል። ቀለምም ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ እርሳስ (ሌድ) ሊኖርበት ስለሚችል ከ2010 ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ ቀለሙን ለሚነካ ተከፋይ ባለሙያ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በዋሽንግተን አካባቢ የእድሳት ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ከኤልሳልቫዶር ወይም ከጓቲማላ የመጣ ስለሆነ፣ ሀበሻው ፍሊፐር እንግሊዝኛውን ሳይጨርስ ስፓኒሽ ይጀምራል።

«ፍሊፕ» በራሷ በባልቲሞር ስሙ የጠፋበት ዘመን ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንዳንድ ነጋዴዎች የፈራረሰ ቤት በጥቂት ሺህ ዶላር ገዝተው፣ ቀለም ቀብተው፣ በተጋነነ ግምት መንግሥት ዋስ በሆነበት ብድር ለድሃ ገዢዎች እጥፍ ድርብ አድርገው ሸጡ። ገዢዎቹ ቤታቸውን አጡ፤ ሰፈሩም ባዶ ቀረ። ፌዴራሉ መንግሥት በ2003 ያወጣው ደንብ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር ነው፦ ሻጩ ቤቱን ከያዘ 90 ቀን ካልሞላው ገዢው በኤፍኤችኤ (የፌዴራሉ መንግሥት ዋስ በሚሆንበት) ብድር መግዛት አይችልም፤ ከ91 እስከ 180 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛ የዋጋ ግምት ይጠየቃል። ደንቡ ለተወሰኑ ዓመታት ላልቶ ነበር፤ አሁን ይሠራል። ብዙ የመጀመሪያ ቤት ገዢዎች በኤፍኤችኤ ስለሚገዙ፣ በ60 ቀን አድሶ የጨረሰ ቀልጣፋም ቢሆን የደንበኞቹን አንድ ክፍል መጠበቅ ግድ ይለዋል።

ሌሎች አገሮች በግብር ይዘውታል። ካናዳ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ከ12 ወር ባነሰ ጊዜ የተሸጠ ቤትን ትርፍ፣ እንደ ሞትና ፍቺ ያለ ምክንያት ከሌለ፣ የንግድ ገቢ ታደርገዋለች። ጀርመን ውስጥ ያልኖረበትን ቤት ከገዛው 10 ዓመት ሳይሞላው የሸጠ ሰው በትርፉ ላይ ግብር አለበት።

በአሜሪካ ደግሞ ፍሊፕን መተዳደሪያ ያደረገ ሰው ትርፉ እንደ ደመወዝ ታይቶ መደበኛው የገቢ ግብር ይቆረጥበታል፤ በላዩ 15.3 በመቶ የግል ሥራ ግብር ይጨመራል። ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ሲሸጥ ገዢው በአብዛኛው የዋጋውን 15 በመቶ ቀንሶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስገባል፤ ግሪን ካርድ ያለውን ግን ይህ አይመለከተውም።

ግብሩ እንዲህ ስለሚከብድም ነው ብዙ የሀበሻ ቤተሰብ ቀስ የሚለውን መንገድ የሚመርጠው፦ አሮጌ ግን ሊኖሩበት የሚቻል ቤት በኤፍኤችኤ ብድር፣ በ3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ገዝቶ መግባት፣ እየኖሩበት ማደስ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆይቶ መሸጥ። ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለቱን የኖረበት ሰው እስከ 250 ሺህ ዶላር፣ ባልና ሚስት እስከ 500 ሺህ ዶላር የሚደርስ ትርፍ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ነው። አባት ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሴራሚክ ያነጥፋል፤ እናት ቡናውን አቧራ በሸፈነው ሳሎን ታፈላለች፤ ልጆቹ የሚያድጉት ኩሽናው ሁልጊዜ «በሚቀጥለው ወር» በሚያልቅ ቤት ውስጥ ነው። ካለቀ በኋላ ቤቱ ይሸጣል።