ልጅ ይዞ ሐዋሳ መኖር፦ እርስ በርስ የምንቀባበላቸው የተሳሳቱ ምክሮች እና እውነታው

በቅርቡ ወደ ግቢያችን ከአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ ገባ። የሦስት ዓመት ወንድ ልጅና የአምስት ወር ሴት ሕፃን አላቸው። ዕቃው ተራግፎ ሳያልቅ ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እናትየዋም "ከልጆች ጋር የት ይኬዳል? ምን ይደረጋል?" ብላ ጠየቀች። ሁላችንም እየተሻማን መለስንላት። አቦሉ አልቆ ቶናው እስኪቀርብ የሰማችው ምክር ለአንድ ዓመት የሚበቃ ነበር።

ማታ ብቻዬን ሳስበው ግን ደነገጥኩ። ከተናገርነው ብዙው ስሕተት ነበር፤ አንዳንዱንም እኔው ራሴ ከስድስት ዓመት በፊት፣ እዚህ ከተማ እንደ መጣሁ፣ በምስጋና ተቀብዬ በልጄ ላይ ያየሁት ነው። ስለ ሐዋሳ የምንቀባበለው ወሬ አብዛኛው የእንግዳ ወሬ ይመስለኛል። ለታኅሣሥ ገብርኤል መጥቶ ሁለት ሌሊት አድሮ የሚመለስ ሰው የሚያያት ሐዋሳ ሌላ ናት፤ ልጅ ውሃዋን ለዓመታት እየጠጣ፣ በየእሑዱ ሐይቋ ዳር እየሮጠ የሚያድግባት ሐዋሳም ሌላ ናት። ስለዚህ ለጎረቤቴ የነገርናትን እያነሣሁ ላርመው።

"እግሩን ቢነክር ምንም አይሆንም፤ መጠንቀቅ ከጉማሬው ነው"

ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ትልቋ ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ በየሳምንቱ ወደ ሐይቁ እንወርድ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ትገባለች፤ ከሣሩ ሥር ቀንድ አውጣ እየለቀመች በፕላስቲክ ኩባያ ታጠራቅማለች። ቅርፊቱ ከጥፍሯ ብዙም የማይበልጥ፣ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ቆሜ ፎቶ አነሣታለሁ። ከወራት በኋላ ሆዷን እያመማት፣ ሰገራዋ ላይ ደም እየታየ ሲመጣ ምግብ ተመርዛ መስሎኝ ነበር። የሰገራ ምርመራው የአንጀት ብልሃርዝያ መሆኑን አሳየ።

የበሽታው መንገድ እንዲህ ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው ሰገራ ወደ ውሃ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ በዐይን የማይታይ ሆኖ ተመልሶ ወደ ውሃው ይወጣል። የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ ውሃውን መጠጣትም አያስፈልግም። ቀንድ አውጣው የሚወደው ደግሞ ጥልቁን ሳይሆን ሣርና ደለል ያለበትን የዳርቻ ውሃ ነው፤ ማለትም እኛ "እዚህ ጋ እንኳ ጥልቅ አይደለም" ብለን ልጆቻችንን የምንለቅበትን ቦታ። በሐይቁ ዙሪያ በሚኖሩ ልጆች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች የአንጀት ብልሃርዝያ በተደጋጋሚ ተገኝቷል።

መድኃኒት አለው። ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በልጁ ክብደት ልክ ይሰጣል፤ ልጄም ድናለች። ነገር ግን መድኃኒቱ ዳግም እንዳይያዙ አይከላከልም፤ ውሃው ውስጥ ተመልሶ የገባ ልጅ ተመልሶ ይያዛል። እባካችሁ ልጆቻችሁ ሐይቁን ከደረቅ መሬት ላይ ይዩት። መዋኘት ለሚወድ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ የታከመ ውሃ ያላቸው የሆቴል መዋኛዎች አሉ።

የጉማሬውም ነገር እውነት ነው፤ አመሻሹ ላይ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣል። ልጅ ይዛችሁ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ሣር በበዛበት ዳርቻ አትቆዩ። በጀልባ መሄድ ግን ይቻላል። ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣና ማዕበሉ ሳይጀምር ሂዱ፤ በልጁ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። የአዋቂ ጃኬት ለሦስት ዓመት ልጅ ምንም ዋስትና አይሆንም፤ ውሃ ላይ ሲወድቅ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል።

"የአሞራ ገደል ጦጣ ሰው ለምዷል፣ ሙዝ ስጡት"

በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ ጦጣው የለመደው ሰውን ሳይሆን የሰውን ምግብ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ልጅ ሙዝ ይዞ እጁን ሲዘረጋ የጦጣው ፊትና የልጁ ፊት እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ልጁ ፈርቶ እጁን ሲሰበስብ ጦጣው ይነጥቃል፤ ሲነጥቅ ይቧጭራል፣ ይነክሳል። ጦጣ እንደ ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ፤ "ትንሽ ጭረት ናት" ብሎ ማሳደር አይገባም። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም ቢሆን ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉለትን ሆድ ዕቃ ሲቀልብ ማየቱ ለልጅ ትልቅ ትርዒት ነው፤ ግን ምንቃሩን ከቅርብ ያየ ወላጅ ልጁን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይስባል።

እዚያው ስለ ዓሣውም ሁለት ተቃራኒ ስሕተት እንሰማለን። አንደኛው "ዓሣ ለሕፃን አይሆንም፣ ወተት ከጠጣበትማ ለምጽ ያወጣበታል" የሚለው ነው። ለምጽ የሚመጣው ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ሲጎዱ እንጂ ከዓሣና ከወተት አይደለም። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን በደንብ የበሰለና እሾኹ የወጣለት ዓሣ መብላት ይችላል፤ በአቅማችን ከምናገኛቸው ገንቢ ምግቦች አንዱ ነው። ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ ሲቀርብ ጎኑ ላይ ያለው ቀጭን እሾኽ ግን አደገኛ ነው። ለልጅ ከጀርባው በኩል ያለውን ወፍራም ሥጋ አውጡለትና በጣታችሁ እየፈተጋችሁ ስጡት፤ ዐይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል።

ሁለተኛው ስሕተት "ትኩስ ከሐይቅ የወጣ ጥሬ ዓሣ ያጠነክራል" ብሎ በዳጣ ነክሮ ለልጅ ማቅመስ ነው። ትኩስነቱ ጥገኛ ትሎችንና ጀርሞችን አያጠፋም፤ የሚያጠፋቸው እሳት ነው። ለብለብም እስኪበስል ካልቆየ ለልጅ አይሁን።

"ውሃው ከፈላ ምንም ችግር የለውም"

ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ማንቆርቆሪያዋን አምጥታ አሳየችን። ከሥሩ እንደ እንቁላል ቅርፊት የተነባበረ ነጭ ነገር አለ። አንደኛችን "ይኸው ፍሎራይዱ እዚህ ቀረ፤ ውሃው ንጹሕ ሆነ ማለት ነው" አለች። ሌሎቻችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ነጩ ነገር በአብዛኛው ኖራ ነው። ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጡትን ጀርሞች ይገድላል፤ ለዚያ እጅግ ያስፈልጋል፣ አትተዉት። ፍሎራይድን፣ ማለትም ከድንጋይ ወደ ውሃ የሚገባውን ማዕድን፣ ግን አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ፍሎራይዱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይወፍራል። የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም፣ በጨርቅ ማጥለልም አይቀንሱትም።

ይህ የሚያሳስበን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለምንኖር ነው። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ድንጋይ ፍሎራይድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ውስጥ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ እርሻ አካባቢ ለዓመታት እንዲህ ያለ ውሃ የጠጡ ሰዎች ጥርስ ብቻ ሳይሆን አጥንታቸውም ተጎድቷል።

በጥርስ ላይ የምናየውን ቡናማ ቀለም "አይፍቅም፣ ከረሜላ ያበዛል" እያልን ልጆችን የምንወቅስበት ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ቡናማው ነጠብጣብ የሚፈጠረው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ልጁ በሚጠጣው ፍሎራይድ ነው። ለፊት ቋሚ ጥርሶች ወሳኙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት ናቸው፤ ውጤቱ የሚታየው ግን ልጁ ስድስት ሰባት ዓመት ሆኖት ቋሚ ጥርሱ ሲበቅል ነው። ያን ጊዜ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ አያጠፋውም። የሰባት ዓመት ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው እሱ ባላጠፋው ነገር ነው።

ምን እናድርግ? ቤት ስትከራዩ የጊቢው ውሃ ከከተማው መስመር ነው ወይስ ከግል ጉድጓድ ብላችሁ ጠይቁ። ከጉድጓድ ከሆነ ፍሎራይዱ እስኪለካ ድረስ ለትንንሾቹ መጠጥና ምግብ ሌላ ውሃ ተጠቀሙ፤ ለልብስና ለገላ ችግር የለውም። የታሸገ ውሃ ስትገዙም መለያውን አንብቡ፤ ከከርሰ ምድር የወጣ ማዕድን ውሃ ሁሉ ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው ማለት አይደለም። ሻይም ራሱ ፍሎራይድ አለው፤ ብረትም ከምግብ እንዳይወሰድ ያግዳል። ስለዚህ ዳቦ በሻይ እየነከሩ ለሕፃን መስጠቱ ይቅር። የጥርስ ሳሙና ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ታህል ትበቃለች።

"ወባ የቆላ ነው፤ እዚህ የሚያመጣው የበቆሎ እሸት ነው"

ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በአገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው። እሸቱ የሚታማው ጊዜው ስለሚገጥም ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃ በየቦታው ሲያቁር ትንኟ ትራባለች፤ በዚያው ሰሞን እሸት ገበያ ይሞላል። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከዚያም ሚያዝያና ግንቦት ላይ ልጆችን አጎበር ውስጥ አስተኙ፤ አጎበሩ ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ፣ ሲታጠብም ጥላ ላይ ይሰጣ። ልጅ ካተኮሰው "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ እያሹ ሁለት ቀን መጠበቅ አይገባም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር። ዳማከሴውን እሹ፣ ግድ የለም፣ ብቻ ምርመራውን አይተካ።

"በዚህ ሙቀት ሕፃኗ ውሃ ይጠማታል"

ለአምስት ወሯ ሕፃን የተሰጠ ምክር ነው። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው። ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት በቀር ውሃም፣ ቅቤም፣ ስኳር በውሃም አያስፈልጋትም። ሙቀት ሲበረታ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው፤ እናትየዋ ደግሞ በደንብ ትጠጣ።

"የባጃጁን መጋረጃ ዝጊው፣ ብርድ ይመታዋል"

ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ በተዘጋ ቦታ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ይልቅ መጠንቀቅ ያለብን ልጅን ከሹፌሩ ጎን ማስቀመጥን ነው። ከኋላ፣ በመካከል፣ በእናንተ ክንድ ውስጥ ይሁን። ሹፌሩም "ችግር የለውም እናቴ" ቢላችሁ አትስሙት።

"ሪዞርት ካልገቡ ልጅ የሚዝናናበት የለም"

አቅም ሲኖር መልካም ነው። ነገር ግን የእኔ ልጆች አሁንም ደጋግመው የሚጠይቁት ነጻ የሆነውን ነው፦ በጠዋት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መራመድ፣ ታቦር ተራራን ፀሐይ ሳይበረታ መውጣት፣ ዛፍ ላይ ጉሬዛ መፈለግ። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ለመልመድ ከአዲስ አበባ ዳገት ጋር አትወዳደርም። ልጄ በአምስት ዓመቷ በሁለት ቅዳሜ ለመደች፤ ሰፈራችን ውስጥ መኪና የማይበዛበትን መንገድ መርጠን፣ ማለዳ።

"በሦስት ዓመቱ መጻፍ ካልጀመረ ወደ ኋላ ይቀራል"

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመት ነው። የሦስት ዓመት ጣት እርሳስ ይዞ ለመጻፍ ገና አልጠነከረም። መዋዕለ ሕፃናት ስትመርጡ ደብተሩን ሳይሆን ግቢውን እዩ፦ ጥላ አለ ወይ? መጸዳጃው ለልጅ ቁመት ነው ወይ? እጅ የሚታጠቡበት ውሃ ይፈስሳል ወይ? አንድ መምህርት ስንት ልጅ ትይዛለች?

"ፍቼ ጫምባላላ የሲዳማዎች በዓል ነው፣ እኛ ቤታችን እንቀመጣለን"

አንዱ ጎረቤታችን ለአዲሶቹ እንዲህ ሲላቸው ዝም ማለቴ ቆጭቶኛል። ፍቼ ጫምባላላ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የተመዘገበ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ነው። ቀኑ በየዓመቱ አንድ ላይ አይውልም፤ ኮከብ የሚቆጥሩት አያንቱዎች ናቸው የሚወስኑት። በዓሉም የልጆች ነው። ልጆች "አይዴ ጫምባላላ" እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ በየቤቱ ከእንሰትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። እኛ የመጣን ዓመት በር ዘግተን ነበር። በሁለተኛው ዓመት የጎረቤት ልጆች የእኔን ልጅ እጇን ይዘው ይዘዋት ሄዱ፤ አመሻሹ ላይ አገጯ በቅቤ ወዝቶ፣ ሰላምታውን ሳትሳሳት እየደጋገመች ተመለሰች። አዲሷ ጎረቤቴ ሆይ፣ የሚቀጥለው ፍቼ ሲደርስ በርሽን ክፈቺ፤ ልጅሽም ከእነርሱ ጋር ይውጣ፤ ቡርሳሜው እንዴት እንደሚሠራ ከግቢያችን የሚያውቁ አሉ፣ ያሳዩሻል።