ላይ ሃራኦባ፦ ጭፈራ ነው ወይስ አምልኮ?

በሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ በማኒፑር የሚኖሩት ሜይቴዮች «ላይ ሃራኦባ» የሚሉት በዓል አላቸው። «ላይ» በቋንቋቸው አምላክ ማለት ነው። ከእኛ «ላይ» ጋር የሚገናኘው በድምፅ ብቻ ነው። «ሃራኦባ» ደግሞ መደሰት፣ ደስ ማሰኘት ነው። ስሙን የሰማ ሰው ተራ ፌሽታ ሊመስለው ይችላል። ግን እዚያ ጭፈራው የአምልኮው ማጀቢያ አይደለም፤ አምልኮው ራሱ ነው።

መጀመሪያ አማልክቱ ከውሃ ይጠራሉ። ወንዝ ወይም ኩሬ ዳር ወርደው ነው የሚጠሯቸው። ከዚያ ማይቢ የሚባሉት፣ ነጭ የለበሱ ሴት ካህናት ይጨፍራሉ። የሚያጅባቸው ፔና ነው፤ እንደ መሰንቆ ባለ አንድ አውታር፣ በደጋን የሚጫወቱት።

ዋናው ነገር ያለው እጃቸው ላይ ነው። በምልክት የዓለምን አፈጣጠር ይተርካሉ። የሰው አካል ክፍል በክፍል ሲሠራ ያሳያሉ። ሕፃን ይወለዳል፤ ቤት ይሠራለታል። እኔን በጣም የሚነካኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ጥጥ ይዘራሉ፣ ይለቅማሉ፣ ይፈትላሉ፣ ይሸምናሉ። ጨርቁንም ለአምላክ ያቀርባሉ። ይህ ሁሉ በባዶ እጅ ነው! ማኒፑሪ የሚባለው የህንድ ክላሲካል ዳንስም ሥሩ እዚህ ነው።