ባሕር ዳር ሆኖ የበረዶ ሆኪ መውደድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ደግሞ ደብረ ማርቆስ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ አርሰናልና ማንቼ ሲከራከር እኔ ስለ ቦስተንና ሞንትሪያል ሆኪ ላውራ ብል ሰሚ የለኝም። የሚያርመኝ ግን ሞልቷል። ስለ ሆኪውም ያርሙኛል፣ ስለ ሥራዬም ያርሙኛል። አብዛኛው እርማት ሰው ከሩቅ ያየውን ይዞ የሚደመድመው ነው። ደጋግመው የሚመጡትን እነሆ፤ ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«በረዶ በሌለበት አገር ሆኪ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

ይህን የሚሉኝ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። እውነት ነው፣ ባሕር ዳር የበረዶ ሜዳ የለም። ምክንያቱ ግን ሙቀቱ አይደለም። ትልልቆቹ ቡድኖች የሚጫወቱበት በረዶ ከሰማይ አይወርድም፤ በማሽን ይሠራል።

ከሲሚንቶው ወለል ሥር ቱቦዎች ተዘርግተዋል። በውስጣቸው በጣም የቀዘቀዘ ጨዋማ ውሃ ይዞራል። ጨው ስላለበት ከዜሮ በታች ወርዶም አይረጋም። ወለሉ ላይ ውሃ በስሱ ይረጫል፤ ያ ሲረጋ ይደገማል፤ ነጭ ቀለም ይቀባል፤ መስመሮቹ ይሰመራሉ፤ ከዚያ እንደገና ውሃ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። በየእረፍቱ ሜዳውን የሚዞር ትልቅ መኪና አለ። የተቧጨረውን ይልግና ሙቅ ውሃ ያፈስበታል። አዎ፣ ሙቅ ውሃ። ሙቁ የላዩን በረዶ ትንሽ አሟሙቶ ከሥሩ ጋር ስለሚዋሃድ ሜዳው እንደ መስታወት ሆኖ ይረጋል። መኪናውን የፈለሰፈው ፍራንክ ዛምቦኒ የሚባል ሰው ነው፤ ጊዜው 1949፣ ቦታው ደግሞ ፀሐያማዋ ካሊፎርኒያ።

ውጤቱንም እንየው። የሰሜን አሜሪካው ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ዋንጫው ስታንሊ ካፕ ይባላል። 2020 እና 2021 ሞቃታማዋ የፍሎሪዳ ከተማ ታምፓ ወሰደችው። 2023 በረሃ መሀል ያለችው ላስ ቬጋስ ወሰደችው። 2024 እና 2025 የፍሎሪዳው ፓንተርስ ወሰደው። የበረዶ አገር የሚባለው የካናዳ ቡድን ግን ከ1993ቱ ሞንትሪያል በኋላ እስከ 2025 ድረስ አንድም ጊዜ አልቀመሰውም።

ቅርብ ምሳሌ ካስፈለገ ናይሮቢ አለች። ከምድር ወገብ አጠገብ ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ዳር ጋር እኩል ገደማ ነው። እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ ባለች ትንሽ የበረዶ ሜዳ ሆኪ ይጫወታሉ። ነገሩ ከሰርቨር ክፍል ማቀዝቀዝ ብዙም አይለይም፦ ሙቀቱን ከውስጥ አንስቶ ውጭ መጣል ነው። ጮቄ ላይ ማለዳ ውርጭ አለ፤ ፀሐይ ሲበረታ ይጠፋል። ለሆኪ ከጮቄ ውርጭ ይልቅ የማይቋረጥ መብራት ይሻላል።

«ጫማው በረዶውን ተጭኖ ስለሚያቀልጠው ነው የሚያንሸራትተው»

ይህን ትምህርት ቤትም ያስተምሩታል። ከሆኪ ጫማ ሥር ያለው የብረት ስለት ቀጭን ስለሆነ ግፊቱ በረዶውን ያቀልጠዋል ይባላል። ግፊት የማቅለጫ ሙቀትን ዝቅ ማድረጉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ሰው በክብደቱ የሚያመጣው ለውጥ ለሆኪ ሜዳ ቅዝቃዜ አይበቃም። ደግሞም ሰፊ ሶል ያለው ተራ ጫማ አድርጎ በረዶ ላይ የወጣ ሰው መቼ ቆሞ ሄደ? እንዲያውም እሱ ነው ቀድሞ የሚወድቀው። የበረዶ ገጽ ማንም ሳይነካውም እንደ ውስጡ የጠነከረ አይደለም። የላይኛው እጅግ ስስ ሽፋን ልቅ ነው፤ ወደ ፈሳሽ ያደላል። የሆኪ ጫማ ስለት ዋና ሥራው ማንሸራተት ሳይሆን መያዝ ነው። መሀሉ ጎድጎድ ብሎ ስለተሳለ ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ አለው፤ ተጫዋቹ የሚገፋውም የሚታጠፈውም በጠርዙ ነው።

«ጠብ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም»

የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው ይህን ሲል ይገርመኛል። ሩር ቅልጥሙን አግኝታው እያነከሰ ቤቱ የገባ ልጅ በየሰፈሩ አለ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባባልን አይደል ያደግነው?

የሆኪ ቡጢ በስልክ የሚዞረው ስለሚያስገርም ነው። አብዛኞቹ ጨዋታዎች ያለ አንዳች ቡጢ ያልቃሉ። በኤንኤችኤል የተደባደበ ከሜዳ ወጥቶ 5 ደቂቃ ይቀመጣል። ሁለቱም ስለሚቀመጡ ቡድኖቹ በቁጥር እኩል ሆነው ይቀጥላሉ፤ ማንም አልተጠቀመም። በኦሎምፒክ ደግሞ ከጨዋታው ይባረራል።

ጨዋታውን የሚወስነው ከቡጢው ይልቅ ትንሿ ጥፋት ናት። ሰውን በዱላ የጠለፈ 2 ደቂቃ ይወጣል፤ ቡድኑ በ5 ፈንታ በ4 ሰው፣ በረኛውን ሳይጨምር፣ ይጫወታል። በዚያ መሀል ጎል ከገባበት ቅጣቱ ያበቃል። እነዚያ 2 ደቂቃዎች ከሙሉ ጨዋታው ይልቅ ልብ ያንጠለጥላሉ። ቡጢውን ያየ ይህን አላየም።

«ጥቁር አይጫወተውም»

ይጫወታል፤ ቆየ እንጂ! ካናዳ ሃሊፋክስ ውስጥ የጥቁሮች ሆኪ ሊግ የተመሠረተው በ1895 ነው። ኤንኤችኤል እንኳ ገና አልነበረም፤ እሱ የተመሠረተው በ1917 ነው። በኤንኤችኤል የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪ ነው፤ ጥር 18 ቀን 1958 ለቦስተን ተሰለፈ። ከዚያ በፊት አንድ ዓይኑን ፓክ፣ በሆኪ በዱላ የምትመታዋ ጎማ፣ መትቶት ማየት አቁሞ ነበር። ይህን ደብቆ ተጫወተ። በአንድ ዓይን፣ በዚያ ፍጥነት!

ከእሱ ወዲህ ያለውን ብቆጥር አያልቅም። ጃሮም ኢጊንላን ብቻ ላንሳ፤ አባቱ ናይጄሪያዊ ነው። በ2010 ኦሎምፒክ ፍጻሜ ካናዳ አሜሪካን ያሸነፈችበትን ጎል ሲድኒ ክሮስቢ ሲያገባ ፓኳን ያቀበለው ኢጊንላ ነበር።

«ኳሷ እኮ አትታይም፣ ምኑን ነው የምታየው?»

ይህኛው ቅሬታ ግማሽ እውነት አለው፤ ስለዚህ ጊዜ ልስጠው።

ፓክ ኳስ አይደለችም፤ ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ናት። ወርዷ 7.6 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 160 ግራም ገደማ። ከጨዋታ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ትቀዘቅዛለች፤ ጎማ ሲሞቅ ስለሚነጥር ነው። 61 ሜትር በሚረዝም ሜዳ ላይ ይቺን መከተል ለማንም ቀላል አይደለም። አሜሪካኖቹም አቤቱታ አቅርበዋል። በ1996 ፎክስ ቴሌቪዥን ፓኳ ውስጥ ኢንፍራሬድ መሣሪያ ከትቶ፣ በስክሪን ላይ ሰማያዊ ብርሃን እንዲከባት አደረገ። ጠንክራ ስትመታ ቀይ ጭራ ታበቅላለች። የሆኪ ወዳጆች ጠሉት፤ «ካርቱን አደረጋችሁት» አሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀረ። ቴክኖሎጂው ግን አልሞተም። ከሥራው በስተጀርባ የነበሩት መሐንዲሶች በአሜሪካ ፉትቦል ስርጭት ሜዳው ላይ የተሰመረ የሚመስለውን ቢጫ መስመር ሠሩ። ኤንኤችኤልም ከ2021 ጀምሮ በፓኳና በተጫዋቾቹ ላይ መከታተያ አለው፤ የፓኳን ቦታ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመዘግባል።

የእኛ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ኔትወርኩ ነው። ቪዲዮ ሲላክ እያንዳንዱ ምስል ሙሉውን አይላክም። ካለፈው ምስል የተለወጠው ብቻ ይላካል። ዳታው ሲጠብ ሶፍትዌሩ ጥቃቅኑን መተው ይጀምራል። ነጭ ሜዳ ላይ የምትወነጨፍ አንዲት ጥቁር ነጥብ ደግሞ መጀመሪያ ከሚተዉት ውስጥ ናት። ስለዚህ ስልክ ላይ በዝቅተኛ ጥራት ያየ ሰው «ኳሷ ጠፋች» ቢል አይፈረድበትም፤ በእርግጥ ጠፍታለች።

መፍትሔው ፓኳን ትቶ ሰዎቹን ማየት ነው። የበረኛው ትከሻ ወዴት ዞረ? ተከላካዮቹ ወደ ኋላ ነው ወይስ ወደ ጎን የሚሄዱት? ቪዲዮው ጭራሽ ሲያቅት ደግሞ ጽሑፉ አለ። ሊጉ የእያንዳንዱን ሙከራ ሰዓትና ሜዳው ላይ የተመታበትን ቦታ በቁጥር ያወጣል። የአንድ ጨዋታ ሙሉ ዝርዝር ከአንድ የስልክ ፎቶ ያንሳል። እሱን አምጥቶ ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የሚልክልኝ ትንሽ ቦት ሠርቻለሁ። ከጓደኞቼ ጋር የሚያግባባኝ እሱ ነው።

«የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? ፕሪንተሯን እያት እስቲ»

አላውቃትም። እትዬ ስልክ እየሰጡኝ «ፌስቡኬን መለስልኝ» ሲሉኝ ግን እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ ቡና እስኪፈላ እሞክራለሁ። ሶፍትዌር መሥራት ፕሪንተር ከመጠገን ይለያል፤ የሰው አካውንት ከመስበርማ ጨርሶ ይለያል።

«ያለ ኢንተርኔት ኮድ አይጻፍም»

ይጻፋል፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ መጻፍ አለበት። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም። ብዙዎች ጊት እና ጊትሃብን አንድ ያደርጓቸዋል። ጊት በ2005 ሊነስ ቶርቫልድስ የሠራው፣ የኮድን የለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ሙሉ ታሪኩ እዚሁ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል። የትናንቱን ማየት፣ አዲስ ቅርንጫፍ መክፈት፣ የተበላሸውን መመለስ፣ አንዱም ኢንተርኔት አይፈልግም። ጊትሃብ ያንን ሰቅሎ ከሌላው ጋር የሚጋሩበት ድረ ገጽ ነው። ኔትወርክ ሲመጣ የሳምንቱን ሥራ በአንዴ መላክ ይቻላል። ማኑዋሎችን አስቀድሞ ማውረድ ግን ግድ ነው።

«አማርኛ ለኮምፒውተር አይመችም»

ይህ ወሬ ድሮ መሠረት ነበረው። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ ቁጥር ይይዝ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ አንድ ቁጥር በሚሰጠው የዓለም የጋራ ዝርዝር ውስጥ፣ ገባና ያ ነገር መፍትሔ አገኘ። አሁን «ጎ» በደብረ ማርቆስም በቶሮንቶም አንድ ቁጥር አላት።

ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በተለመደው መንገድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ቦታ ሲወስድ የእኛ 3 ይወስዳል። አንድ የላቲን አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አማርኛ ሲገባበት ወደ 70 ይወርዳል። የበዓል ምኞት ረዘም ሲል ሁለት ሦስት መልእክት ሆኖ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

እኔን የሚያስቸግረኝ ግን ባይቱ አይደለም፤ ፍለጋው ነው። የገዛ ከተማዬን አንዱ «ባሕር ዳር»፣ ሌላው «ባህር ዳር» ብሎ ይጽፋል። አንዳንዱ አጣብቆ ይጽፈዋል። ለኮምፒውተር እነዚህ የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ከፍለጋ በፊት ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን፣ ፀ እና ጸን ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ መጻፍ አለበት። ተጠቃሚው የጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል፤ የሚለወጠው የመፈለጊያው ቅጂ ብቻ ነው። ይህን ያላደረገ ሲስተም «አልተገኘም» ሲል ሰው ጥፋቱን በፊደሉ ላይ ይጥላል። ጥፋቱ የእኛ የፕሮግራመሮቹ ነው።

«ኤአይ መጣ፣ እንግዲህ ያንተ ነገር አበቃ»

ኤአይ ኮድ ይጽፋል፤ ፈጣንም ነው። ግን ይህ ሥራ ቀኑን ሙሉ ኪቦርድ መቀጥቀጥ የሚመስለው ሰው ነው የሚፈራው። የሆኪ ተጫዋች በአንድ ዙር ሜዳ ላይ የሚቆየው 45 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ይቀመጣል። ኮከብ የሚባለው አጥቂ እንኳ ከ60ው ደቂቃ 20 ያህሉን ነው የሚጫወተው። የፕሮግራመርም ጊዜ የሚያልቀው በማንበብ፣ በመጠየቅና ስህተት በማደን ነው። የሚጠየቀውን ደግሞ ሰው መወሰን አለበት። የሚከተለውን ተመልከቱ።

«የአሜሪካውን ሰዓት ወደ እኛ ለመለወጥ አንድ ቁጥር መደመር ይበቃል»

አይበቃም። አሜሪካ በመጋቢት ሰዓቷን ወደፊት ትገፋለች፤ በኅዳር ትመልሳለች። እኛ አንነካውም። ኒው ዮርክ ላይ በእነሱ አቆጣጠር ማታ 7 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ በክረምታቸው እዚህ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው 8። ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ ሰዓቱ በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ይቀመጣል፤ ወደ እኛ የሚለወጠው ሰው ሊያየው ሲል ብቻ ነው።

ሰዓቱስ ቀላል ነው፤ የሚያጣላው ቀኑ ነው። የቅዳሜ ማታ የኒው ዮርክ ጨዋታ እዚህ ሲጀምር ስልኬ «እሑድ» ይላል። ቀናችን የሚጀምረው ጠዋት ስለሆነ እኛ ገና ቅዳሜ ሌሊት ላይ ነን። ቦቱ «እሑድ 9 ሰዓት» ብሎ ቢልክ ሰው ከምሳ በኋላ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ጨዋታው ያኔ ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ የሚልከው «ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ነው።

እንቅልፉን ለሚወድ ደግሞ አንድ ምክር አለኝ፦ የምዕራብ አሜሪካ ቡድን ይደግፍ። የላስ ቬጋስ፣ የሎስ አንጀለስ ወይም የሲያትል የማታ 7 ሰዓት ጨዋታ በክረምታቸው እዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል። ሚያዝያ ላይ ጥሎ ማለፉ ሲመጣ ወደ 11 ይመለሳል፤ ያም ቢሆን ከቦስተን ደጋፊ ሦስት ሰዓት ትርፍ እንቅልፍ አለው።