በከርነል ማረጋገጫ ውስጥ የናል ፖይንተር ደኅንነት ምንድን ነው?

«ቲቸር፣ ፖይንተሩን ከመጠቀማችን በፊት ናል አለመሆኑን ኢፍ (if) ብለን ከፈተሽን በቃ አይደል?» ኮምቦልቻ ውስጥ የሲ ቋንቋ ሳስተምር በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

እኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው ቤት ድረስ አይመጣም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ይኖርሃል፣ ቁልፍህን ይዘህ ትሄዳለህ። ፖይንተር ያ ቁጥር ነው፤ ዕቃው ራሱ ሳይሆን ዕቃው ሜሞሪ ውስጥ ያለበት ቦታ። ናል ደግሞ «ገና ሳጥን የለኝም» የሚል ወረቀት ሲሆን፣ በተለመዱት ማሽኖች ቁጥሩ ዜሮ ነው። ወረቀቱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ እሱን ይዞ ሳጥን ሊከፍቱ መሄድ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1965 አልጎል ደብልዩ ወደተባለው ቋንቋ ያስገባው የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር ራሱ፣ በ2009 «የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ» ብሎታል።

ተራ ፕሮግራም ዜሮን ሊከፍት ሲሞክር ከርነሉ፣ ማለትም ማሽኑን በሙሉ ሥልጣን የሚያስተዳድረው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ይይዘውና ያስቆመዋል። ተማሪው «ሴግመንቴሽን ፎልት» የሚል ጽሑፍ ያያል፣ አርሞ እንደገና ያስነሳል። ከርነሉ ራሱ ሲሳሳት ግን ከበላዩ የሚይዘው የለም። ማሽኑ ቢቆም እንኳ ዕድለኛ ነህ። ቀደም ሲል ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ተራ ፕሮግራም የዜሮን አድራሻ ለራሱ መያዝ ይችል ነበር። ተንኮለኛው ዜሮ ቁጥር ሳጥንን ተከራይቶ የራሱን ደብዳቤ ያስቀምጥበታል፤ ከርነሉ ተሳስቶ ሲከፍተው እንደ አለቃ ትእዛዝ ያነበዋል፣ በሙሉ ሥልጣኑም ይፈጽመዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዜሮ አካባቢን የሚከለክል ገደብ ቢገባም የሚያልፉበት መንገድ ተገኝቶ ነበር።

ወደ ኢፉ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተን በተባለው የሊኑክስ ኔትወርክ ድራይቨር ውስጥ ኢፉ ነበረ፤ ግን ዘግይቶ ነበር የተጻፈው። መጀመሪያ በፖይንተሩ በኩል አንድ ዋጋ ይነበባል፣ ከዚያ በኋላ «ፖይንተሩ ናል ነው ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ይህን አይቶ «ከተነበበማ ናል ሊሆን አይችልም» በሚል ስሌት ፍተሻውን ከነጭራሹ ሰረዘው። በሲ ሕግ መሠረት ኮምፓይለሩ አልተሳሳተም። ኮዱን የሚያነብ ሰው ፍተሻውን በዓይኑ ያየዋል፣ ማሽኑ የሚፈጽመው ውስጥ ግን የለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ የሚገነባው እንዲህ ያለውን ፍተሻ እንዳይሰርዝ ኮምፓይለሩ ታዞ ነው።

ስለዚህ የናል ፖይንተር ደኅንነት ማለት ኢፍ መኖሩ አይደለም። በፖይንተር በኩል የሚነበብበትና የሚጻፍበት ቦታ ሁሉ፣ ወደዚያ በሚያደርሰው መንገድ ሁሉ፣ ፖይንተሩ ናል እንደማይሆን በሒሳብ መረጋገጡ ነው። ሙከራ ይህን አይሰጥም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በበጋ አሥር ጊዜ የወረደ ሹፌር የክረምቱን ጉም አላየም። ለምሳሌ ከርነል ውስጥ ሜሞሪ የሚሰጠው ኬማሎክ፣ ሜሞሪ ሲያልቅ ናል ይመልሳል። ላብራቶሪ ውስጥ ስንሞክር ሜሞሪው አያልቅም፤ ያ መንገድ ሳይረገጥ ይቀራል።

በማረጋገጫ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በፍራማ ሲ፣ ከፈንክሽኑ በላይ ውል ትጽፋለህ፦ «የምቀበለው ፖይንተር ትክክለኛ መሆን አለበት»። ፈንክሽኑን የሚጠራው ክፍል ሁሉ ውሉን ማሟላቱን ማሳየት ግዴታው ይሆናል። ማሳየት ካልተቻለ መሣሪያው ያንን መስመር ያልተረጋገጠ ብሎ ይተወዋል፤ ኬማሎክን ጠርቶ መልሱን ያላየ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል።

ይህ ዘዴ ሙሉ ከርነል ላይ መሥራቱን ያሳየው ኤስ ኢ ኤል ፎር የተባለው ትንሽ ከርነል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሥራ 8,700 ገደማ የሲ መስመሮችን ኢዛቤል በተባለ የሒሳብ ማረጋገጫ መሣሪያ ያረጋገጠ ሲሆን፣ ማረጋገጫው ራሱ 200,000 መስመር ያህል ፈጅቷል። ናልን ተከትሎ መውደቅ እዚያ ውስጥ አለመኖሩ የማረጋገጫው አንድ ውጤት ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ኮምፓይለሩና ሃርድዌሩ ትክክል ናቸው ተብሎ ተገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሊኑክስ ውስጥ የገባው ረስት የተባለ ቋንቋ ደግሞ በተለመደው አጻጻፉ «ላይኖር ይችላል» የሚለውን ዓይነቱ ላይ ያስጽፍሃል፣ ሳትፈትሽ አያሳልፍህም።

«ናል አይደለም» ብቻውን ግን ጉዳዩን አይዘጋውም። የተለቀቀ ሜሞሪ ቁጥሩ ዜሮ አይሆንም። ሳጥኑ ለሌላ ሰው ተከራይቶ ሳለ አሮጌው ቁልፍ እጅህ ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ «ናል ያልሆነ» ብለው ለሚያስረክቡኝ ልጆች «ትክክለኛ» ብላችሁ ጻፉት እላቸዋለሁ።